ከድርቆሽ ጋር የመጣችው እፉኝት

ወንድሜ የሞተው ጋቢ ሊያመጣልኝ ሄዶ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ብዙ ዘመን ኖርኩ። አሟሟቱን ሲጠይቁኝ «ጣልያን ገደለው» እል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። አሁን ግን ስለ ሌላ ሰው ሞት ልጽፍ ስለሆነ ከዚህ መጀመር አለብኝ።

ቤታችን ልደታ ማርያም ጀርባ፣ ወደ አውሮፕላን ሜዳው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከአባታችን የወረስናት ባለ ሁለት ክፍል የሣር ቤት ናት። እናትና አባታችን ነፍስ ሳላውቅ ስለሞቱ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ኮርቻ ሰፊ ስለነበር ቤታችን ሁልጊዜ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጣልያን ሲመጣ ዘመተ፤ ሲመለስ ቀኝ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። ቦምብ አጠገቤ ፈንድቶ ነው አለኝ፤ ስለ ጦርነቱ ሌላ ነገር አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ላናግረው ስፈልግ በግራው በኩል እዞር ነበር።

በየካቲት፣ ጣልያኖች ከተማውን ለሦስት ቀን ሲያቃጥሉና ያገኙትን ሁሉ ሲገድሉ፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እሱና እኔ ከቤት ወጥተን ልደታ ማርያም ግቢ ገባን። ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ልጅ የታቀፈ አለ፣ ዶሮ የያዘ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ቡሖ ከነዕቃው ተሸክመው መጥተዋል። ተጣድፈን ስለወጣን በነጠላ ብቻ ነበርኩ። ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ ፍርሃቱም ተጨምሮበት ይሆናል፣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። «ጋሼ፣ ጋቢዬን ረስቼው መጣሁ» አልኩት። አምጣልኝ አላልኩትም። ግን ሌላ ለምን እነግረዋለሁ?

ረፋዱ ላይ ተኩሱ ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል ሲርቅ ተነሣ። «ቅርብ አይደል፣ ደርሼ መጣሁ» አለኝና ሄደ። ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ በእኛ ሰፈር በኩል ጭስ ተነሣ።

ሲረጋጋ ከጎረቤት ጋር ሄደን ወንድሜን ያገኘነው ከቤታችን በር ሥር ነው። ጋቢው ክንዱ ላይ ነበር፤ የተረፈው ጫፉ ብቻ ነው።

ልብስ አጣቢ የሆነች ጎረቤታችን ያን ሰዓት የቁልቋሉ አጥር ውስጥ ተደብቃ ሁሉን አይታለች። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ጣልያኖች ቤንዚን ይዘው መጡ አለችኝ፤ አብሯቸው ቱርጁማኑ ነበር። ያኔ አስተርጓሚን ቱርጁማን ነበር የምንለው። አንደኛው ጣልያን እየጮኸ አንድ ነገር ጠየቀው። ቱርጁማኑ ቆይቶ ቆይቶ እጁን አነሣና ወደ ቤታችን አመለከተ። «በጣቱ ነው ያሳየው። በዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ወንድሜ ሲመጡ አልሰማ ይሆናል። በየትኛው ጆሮው በኩል እንደመጡ እያሰብኩ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ቱርጁማኑን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከእኛ ሁለት አጥር አልፎ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር፤ ለእናቱ አንድ ልጃቸው ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ የጣልያን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሠርቶ ቋንቋውን ለመደ፤ ጣልያን ሲገባ እንጀራው ያ ሆነ። ልጅ ሳሉ እሱና ወንድሜ ጓደኞች ነበሩ። አንድ የገና ዕለት ገና ሲጫወቱ ወንድሜ በዱላ ከቅንድቡ በላይ መታውና ጠባሳ ቀረበት። ሁለቱና የቱርጁማኑ እናት በዚያ ጠባሳ ሲሳሳቁ ነው ያደግሁት።

ቤት የለኝም፣ ወንድም የለኝም። ልብስ አጣቢዋ ጓዳዋ ውስጥ አስጠጋችኝ፤ ግን እሷም ራሷ የምትበላው አልነበራትም። ከአውሮፕላን ሜዳው አጠገብ ጣልያኖች ለበቅሎዎቻቸው የደረቀ ሣር የሚከማችበት የድርቆሽ ግቢ ሠርተው ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሴቶች ሥራ ለመቀጠር ይሰለፋሉ። እኔም አንድ ቀን ሄጄ ቆምኩ። በሩ ሲከፈት የወጣው ካቦ እሱ ነው፤ ቱርጁማኑ። የሠራተኞቹ አለቃ አድርገውታል። ሰልፉን በዓይኑ ሲቃኝ እኔ ላይ ደረሰና ወዲያው ዓይኑን ነቀለ። ለዘበኛው «ያቺን ቀጭኗን አስገባት» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ገባሁ። ርቦኝ ነበር። ይህንንም ለብዙ ጊዜ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ጣልያን እስኪወጣ እዚያ ሠራሁ። ድርቆሹ በካሚዮን ይመጣል፤ ወንዶቹ ያወርዱታል፤ እኛ ሴቶቹ እስሩን ፈትተን፣ በመንሽ አራግፈን ወደ በቅሎዎቹ እናደርሳለን። ቱርጁማኑ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ እኔን ለብቻዬ አይጠራም፤ «ሴቶቹ ይህን አድርጉ» ይላል። እኔም መጥራት አልቻልኩም። ትላንትና አንተ የምለው የሰፈር ልጅ ነው፤ ዛሬ ሌሎቹ አንቱ ይሉታል። አንተም አንቱም ሳልለው ዓመት አለፈ። ስቆምም ስቀመጥም ግን ያን ጣቱን አያለሁ። እርሳስ ሲይዝ፣ ዳቦ ሲቆርስ፣ እንቁላል ሲልጥ ጣቱን ነው የማየው።

በሁለተኛው ዓመት በጋው ረዘመና የአካባቢው ሣር አለቀ። ካሚዮኖቹ ድርቆሽ ከቆላ፣ ከአዋሽ በኩል ማምጣት ጀመሩ። ያኛው ድርቆሽ የኛን አይመስልም፤ እንደ ሽቦ ይዋጋል፣ እሾህና የቁጥቋጦ ጭራሮ ይቀላቀልበታል፣ ሽታውም የአቧራ ነው። ከካሚዮኑ ጋር አንድ ሽማግሌ ቆለኛ ጫኝና አውራጅ ይመጡ ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ሲያወርዱ ድንገት ቆሙና ሁላችንንም ጠሩን። አንዱ እስር ውስጥ ተጨፍልቃ የሞተች እባብ አግኝተዋል። በእንጨት አንሥተው አሳዩን። ከክንድ አትረዝምም፤ አፈርማ ናት፤ ጎንና ጎኗ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ምልክት አላት። ጭንቅላቷ ሰፋ ብሎ አንገቷ ቀጭን ነው። ከሴቶቹ አንዷ «ይህቺማ ትል አይደለች እንዴ» ብላ ሳቀች።

«አትሳቂ» አሏት ቆለኛው። «ይህች እፉኝት ናት። ትልቁ እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ ይህች አትሸሽም። እንደ ጥቅልል ሆና ትተኛና ገላዋን በገላዋ ታሻሻለች። ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት። ያን ስትሰሙ ባላችሁበት ቁሙ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።»

«ከነከሰችስ?» አልኳቸው።

«የተነከሰ ሰው ያን ቀን ደህና ነው። ይስቃል፣ ይበላል። በማግስቱ ነው ደሙ መንገድ የሚስተው።»

ቱርጁማኑ ያን ቀን ለጣልያኖቹ ጉዳይ ወጥቶ ስለነበር ይህን አልሰማም። ማንም የነገረው አይመስለኝም። ከእሱ ጋር ከሥራ በቀር የሚያወራ ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ቀትር ላይ ለበቅሎዎቹ ልወስድ ወደ ድርቆሹ መጋዘን ገባሁ። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። ሌሎቹ ሴቶች ውጭ ዛፍ ሥር ምሳ ላይ ነበሩ። መንሹን አንሥቼ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ሰማሁት።

ሽርርር። ቆም ይላል። ሽርርር።

ባለሁበት ቆምኩ። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ እስር ድርቆሽ አለ፤ ቱርጁማኑ ምሳ ሰዓት ላይ የሚቀመጥበት ነው። እፉኝቷ ከፊቱ ተጠቅልላለች። ገላዋ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ጭንቅላቷ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። እሷም ቆየችና ተፈትታ፣ በእስሩና በግድግዳው መካከል ወዳለው ጥላ ገባች። የጭራዋን ጫፍ አየሁ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

መንሹ በእጄ ነበር። ሰው መጥራትም እችል ነበር። ቆለኛው ከግቢው በር አጠገብ ካሚዮን ሥር ተኝተዋል፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ ይሰሙኛል።

ያን ጊዜ ቱርጁማኑ ገባ። ጣልያኖቹ የሰጡት ቦት ጫማ ስለሚያጠብቀው ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ያወልቀዋል። እስሩ ላይ ቁጭ አለና ማሠሪያውን ይፈታ ጀመር። ቀና ሲል እኔን አየኝ። ከዚያ በፊት ሁለታችን ብቻችንን ሆነን አናውቅም።

«ምሳ በላሽ?» አለኝ።

«በልቻለሁ» አልኩት። አልበላሁም ነበር።

«ፀሐዩ ከባድ ነው። ጥላው ውስጥ አረፍ በይ።»

«ሥራ አለኝ» አልኩና መንሹን ይዤ ወጣሁ። ባዶ እግሩን ድርቆሹ ላይ ሲያሳርፍ አይቻለሁ።

ወደ ውኃው በርሜል ሄድኩ። እጄን ታጠብኩ። አልቆሸሸም፤ ግን ታጠብኩት። ልቤ አልመታም ነበር ብል ይቀለኛል፤ የማስታውሰው ውኃው መቀዝቀዙን ብቻ ነው። ከዚያ ከመጋዘኑ «ኧረ!» የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የጫማ ድብደባ። ቱርጁማኑ በአንድ እግሩ እያነከሰ ወጣ። እፉኝቷን በጫማው ቀጥቅጦ ገድሏታል፤ ጭራዋን ይዞ አንጠልጥሏታል። ፊቱ ነጥቷል፣ ግን ይስቃል።

«ይህችን አክላ ነው እንዴ ያስደነገጠችኝ» አለ።

ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ከተረከዙ በላይ፣ ሁለት ነጠብጣብ ነበረ። ቆለኛው ሮጠው መጥተው አዩት፣ እባቧንም አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ቁጭ በል፣ አትራመድ» አሉት። አንዱ ጣልያን መኮንን መጥቶ ወደ ሐኪማቸው ወሰደው። ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ሸኘው። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት፤ እግሩ ስላበጠ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎታል።

ቆለኛው ግቢው ባዶ ሲሆን ወደ እኔ መጡ። «አንቺ ነሽ ከመጋዘኑ የወጣሽው» አሉኝ።

«አዎ።»

«አልሰማሻትም?»

«አልሰማሁም።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። በማግስቱ ካሚዮኑ ሲመለስ አብረው ሄዱ፤ ዳግመኛም ከዚያ ካሚዮን ጋር አልመጡም።

በማግስቱ ቱርጁማኑ ሥራ አልገባም። ማታ እናቱ ልብስ አጣቢዋ ቤት ድረስ መጡ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው አልገባም አሉ። እኔን ነበር የፈለጉት።

«ልጄ ከድዱ ይደማል። ደሙ አልቆም አለኝ» አሉኝ። «ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። የባንዳ ቤት አንገባም ነው መሰል፣ ማንም አልመጣልኝም። እኔ ብቻዬን ላገላብጠው አልቻልኩም። አንቺ ሩኅሩኅ ነሽ። ወንድምሽም ጓደኛው ነበር።»

ልጃቸው ያደረገውን አያውቁም ብዬ አሰብኩ። ልብስ አጣቢዋ ከጓዳ ሆና በእጇ «አትሂጂ» ትለኛለች። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ቀን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ከሥራ ስመለስ እዚያ እሄዳለሁ፣ እናቱ ትንሽ እንዲያርፉ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። ድዱ፣ አፍንጫው፣ መርፌ የተወጋበት ቦታ ሁሉ ይደማል። ብዙ አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ። ጨርቅ አጥበን ስናሰጣ ሌላው ይርሳል። በሦስተኛው ቀን ከቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ ደማ። በትኩሳቱ ሲያክከው ይሁን ወይ በሌላ ምክንያት አላውቅም። ወንድሜ በገና ዱላ የመታው ጠባሳ ነው። በጨርቅ ይዤው መቆየት ስላልቻልኩ እናቱ ተቀበሉኝ።

በአራተኛው ቀን እሑድ ነበርና ከሰዓት በፊት ነው የሄድኩት። እናቱ ጠበል ሊያመጡ ልደታ ማርያም ወጡ። ያን ቀን አእምሮው ጥርት ያለ ነበር። ዓይኑን ጣራው ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«የወንድምሽን ነገር ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«በጣቴ ነው ያሳየሁት።»

«አውቃለሁ አልኩህ» አልኩት። አንተ ያልኩት ያኔ ነው።

«መሣሪያ ያለበት ቤት አሳየን አሉኝ። የለም አልኩ። ካላሳየህ ከእናትህ ቤት እንጀምራለን አሉኝ።» ደሙን ዋጠ። «ጠዋት አንቺና እሱ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አይቻችኋለሁ። ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ባዶ ቤት ነው ብዬ ነው ያሳየሁት። ባዶ ቤት ቢቃጠል መልሶ ይሠራል ብዬ ነው።»

አገጩ ላይ የወረደውን ደም ጠረግሁለት።

«ለምን ተመለሰ?» አለኝ። «ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ለምን ተመለሰ? አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩት።

ራሱን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ። የሚያምነኝ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ጋቢው ብነግረው፣ ስለ መጋዘኑም ብነግረው፣ ምናልባት እሱም ቀሎት እኔም ቀሎኝ እንለያይ ነበር። ከውጭ የእናቱ ኮቴ ተሰማ። ጠበሉን አጠጡት፤ ከደሙ ጋር ተመለሰ።

የሞተው በማግስቱ ማለዳ ነው፤ የግንቦት ልደታ ዕለት። ሴቶች በየደጃፉ የንፍሮ ድስት ጥደዋል፤ ጣልያን አለ ተብሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው እንጂ ልጆቹ ከድስቱ ዙሪያ ናቸው። ሬሳውን ይዘን በመካከላቸው ስናልፍ ማንም አልተነሣም። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከሬሳው ኋላ የነበርነው እናቱ፣ እኔ፣ ከድርቆሹ ግቢ ሁለት ወንዶችና አንድ ቄስ ብቻ ነን። እናቱ እጄን ይዘው ነበር። እስከ መቃብሩ ድረስ አልለቀቁኝም።

ከሰባት ቀን በኋላ እንደገና መጡና «ቤቴ ነይ፣ ልጄ። የሱ አልጋ ባዶ ነው። የሰው ጓዳ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ምክንያቴን መናገር አልችልምና። ሄድኩ። እሱ በሞተበት አልጋ ላይ ሦስት ዓመት ተኛሁ።

ድምፁ የጀመረኝ እዚያ ነው። እናቱ ጤፍ ሲነፉ ከቤት እወጣለሁ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር፣ ያ የመጀመሪያው የጠብታ ሽርርር፣ ባለሁበት ያቆመኛል። በድርቆሹ ግቢ ቀትር ላይ መጋዘኑ መግባት ተውኩ፤ ሌሎቹ እባብ ፈርታ ነው ይላሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔ ግን እባቧን አልፈራም ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስገባ አንድ ሰው እስሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ምሳ በላሽ?» የሚለኝ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ጥያቄው በወንድሜ ድምፅ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቱርጁማኑ በበሩ ሲገባ ክንዱ ላይ ጋቢ አድርጎ ነው። ሁለቱ ተቀላቀሉብኝ። የቱን እንዳጠፋሁት፣ የቱን እንዳጣሁት መለየት ያቃተኝ ጊዜ ነበር።

ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸው በዚያው ሰሞን ነው። ሰምተው ጨረሱ። «እባቧን አንቺ አላስቀመጥሻትም» አሉኝ፤ «ዝምታሽ ግን የራስሽ ነው።» የስግደት ቀኖና ሰጡኝ። ነገር ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ስግደት የለም፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጠብቂ አሉኝ። ያን ጊዜ በሙሉ ልሰግድ እየፈለግሁ ቁሜ ቆየሁ። ጊዜው ደርሶ ስጀምር ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ፤ ጨረስኩ። ድምፁ ግን አልሄደም።

እናቱ ይወዱኝ ነበር። ይህ ነው የከበደኝ። ከገበያ ሲመጡ ለእኔ ብለው ሸንኮራ ይዘው ይመጣሉ። ስታመም ራሴን ይዘው ያድራሉ። ለሰው ሁሉ «ልጄ ሲሞት ውኃ ያቀበለችው እሷ ናት» ይላሉ። ሰው ያንን ሲሰማ እኔን ያመሰግናል፤ እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ጣልያን ወጣ። የድርቆሹ ግቢ ተዘጋ፤ ቆርቆሮውን ሰው እየነቀለ ወሰደው። ከተማው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ በሰፈራችንም የሞቱት እየታሰቡ ስማቸው ተጠራ። የወንድሜ ስም ተጠራ። እናቱ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ የልጃቸው ስም እንደማይጠራ እያወቁ መጡ። ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ነገርኳቸው። ድምፁን እንደሰማሁ፣ እባቧ ስትገባ እንዳየሁ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ቆሜ እንዳየሁ፣ ሥራ አለኝ ብዬ እንደወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋቢውንም ነገርኳቸው።

መደቡ ላይ ተቀመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይረግሙኛል ብዬም ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ስለ ወንድምሽ የነገረሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

ገረመኝ። ያውቁ ነበር ማለት ነው። «አለ» አልኳቸው።

«ምን አለሽ?»

«ቤቱ ባዶ መስሎኝ ነው አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አይቶን ነበር።»

«ለእኔም እንደዚሁ ነው ያለኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አመንሽው?»

«አመንኩት። ባዶ ነበር እኮ፤ እኔ ባልልከው ኖሮ።»

«እኔ አላመንኩትም ነበር» አሉ። «እናቱ ነኝና እንዳላዝን ብሎ ይዋሸኛል ብዬ አላመንኩትም። አፉ ደም ሞልቶ ሲምልልኝ እንኳ አላመንኩትም። እንደዚያው ሞተ።»

ከዚያ አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንዲያ አላለቀሱም። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ፤ በኃይል አይደለም፣ በቀስታ ነው።

ጠዋት ስነቃ እሳቱን አንድደዋል። ፊታቸው አብጧል። «እኔ አንቺን አልጠላሽም» አሉኝ። «ግን ከእንግዲህ የሱ አልጋ ላይ ተኝተሽ ላይሽ አልችልም።»

«ገባኝ፣ እማማ።»

ልብሴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዲት ፈታይ ዘንድ ክፍል አገኘሁ፤ እዚያው ሥራ ለመድኩ፣ ትዳርም ያዝኩ። ባሌ ደግ ሰው ነው። ጤፍ ሲነፋ ለምን እንደምወጣ ጠይቆኝ አያውቅም።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያምን ልሳለም እሄድ ነበር። እናቱም አይቀሩም። ከሩቅ ስንተያይ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል፣ እኔም እጅ እነሣለሁ። «ደህና ነሽ?» ይሉኛል ሳይቆሙ። «እግዜር ይመስገን፤ እርስዎ ደህና ነዎት?» እላለሁ። እንደዚህ ጥቂት ዓመታት ሄዱ።

የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ካስነሣሁ በኋላ ታቅፌው ስገባ ከበሩ ላይ ተገናኘን። ያን ቀን ቆሙ። እጃቸው አርጅቷል። የሕፃኑን ፊት የሸፈነውን ነጠላ ገለጥ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ወንድ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ያሳድግልሽ» አሉና መልሰው ሸፈኑት። ምርኩዛቸውን ያዝ አድርገው፣ ሌሎች ሴቶች መሀል ገብተው ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ሄዱ። በሚቀጥለው ወር ስሄድ አላየኋቸውም። ታመው እህታቸው ዘንድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እንደተወሰዱ ነገሩኝ። ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሳመነታ መሞታቸውን ሰማሁ። ቀብራቸው ላይ ደረስኩ፤ ሰው ብዙ ነበር፣ እኔም ከኋላ ቆሜ አለቀስኩ።